ብርሃንን ያሳጠረው ሰው፦ የሃሮልድ ኤጀርተን ሕይወት



ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሦስት የጊቢያችን ተማሪዎች ነን፤ አንዳችን የከሚሴ፣ አንዳችን የባቲ፣ አንዳችን የሰንበቴ ልጆች። ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ከሚሴ ባለው ጓደኛችን ቤት ተሰባስበን ነበር። አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። የጓደኛችን እናት በስልክ ባትሪ ብርሃን ወተት ከቅሉ ወደ ሳህን ሲገለብጡ የመጨረሻዋ ጠብታ ጠብ አለች። ከመካከላችን አንዱ፣ ያቺ ጠብታ የሳህኑን ወተት ስትነካ ምን ዓይነት ቅርፅ እንደምትሠራ ጠየቀ። አንዱ ክብ ቀለበት ናት አለ፤ ሌላው ዝም ብላ ትበተናለች አለ። እማማ ሳቁብን። ከልጅነታቸው ጀምሮ ወተት ሲያልቡና ሲገለብጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ አይተውት አያውቁም። ነገሩ የሚያልቀው ዓይን ሳይደርስበት ነው።

ያ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛንም። ፍለጋችንም ወደ አንድ ሰው ሕይወት ወሰደን። ይህ ሰው ያቺን ጠብታ ለማየት ከ20 ዓመት በላይ ደክሟል። በዚህ እትም ሕይወቱን እናስተዋውቃችኋለን፤ በመጨረሻም እሱ የጀመረውን ሥራ እኛ በአንድ ሳህን ወተት እንዴት እንደሞከርነውና እናንተም እንዴት መጀመር እንደምትችሉ እንነግራችኋለን።

የትንሽ ከተማ ልጅ

ሃሮልድ ዩጂን ኤጀርተን የተወለደው በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ ፍሪሞንት በተባለች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1903 ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ያደገው በአብዛኛው እዚያው ነብራስካ ውስጥ በምትገኘው ኦሮራ ነው። ኦሮራ ትንሽ የገበሬ ከተማ ናት። የእኛዋ ከሚሴ በማሽላና በማሾ ማሳ፣ በከብትና በጨፋ ሜዳ እንደተከበበች ሁሉ፣ ኦሮራም በሰፊ የእርሻ መሬት የተከበበች ናት። ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ወጥቶ የዓለምን ዓይን የሚያቀና ሰው ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ አልነበረም።

ሁለት ነገሮች ግን ልጁን ቀረጹት። አንደኛው አጎቱ ናቸው። ራልፍ የሚባሉት እኚህ አጎቱ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ፎቶ ማንሳትን፣ ፊልም ማጠብንና ማተምን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ልጁም ካሜራ ገዝቶ ቤቱ ውስጥ ጨለማ ክፍል አዘጋጀ። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። በትምህርት ቤት የዕረፍት ወራት በአካባቢው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ስለ ጄኔሬተርና ስለ መስመር ከመጽሐፍ በፊት በእጁ ተማረ። ፎቶግራፍ በአንድ እጁ፣ ኤሌክትሪክ በሌላው እጁ ነበሩ። ሁለቱ እስኪገናኙ ግን ጥቂት ዓመታት ወሰደ።

በ1925 ከነብራስካ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቀ። አንድ ዓመት ያህል በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ከሠራ በኋላ ኤምአይቲ በሚል አጭር ስሙ ወደሚታወቀው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ገባ። በ1927 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። በ1928 የኦሮራዋን ልጅ ኤስተር ጋሬትን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ።

ከእሱ በፊት የነበሩት

ወደ ግኝቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። ብርሃንን መመርመር የተጀመረው በኤጀርተን አይደለም። በ965 ገደማ በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሰም፣ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ሳይሆን ብርሃን ከነገሮች ተነስቶ ወደ ዓይናችን ስለሚገባ መሆኑን በኪታቡል መናዚር በሰፊው አስረድቷል። ትንሽ ቀዳዳ ባለው ጨለማ ክፍል ያደረጋቸው ሙከራዎች ዛሬ ካሜራ የምንለው ዕቃ የሚሠራበትን መንገድ የሚያሳዩ ናቸው። ጨለማ ክፍልና ልክ የታወቀ ብርሃን የሚሉትን ሁለት ነገሮች ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

በ1851 ደግሞ ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የጋዜጣ ገጽ በፍጥነት በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ለጥፎ፣ በጨለማ ውስጥ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ፎቶ አነሳው። ሰሌዳው እየተሽከረከረ የጋዜጣው ፊደላት ተነበቡ። ሌላው እንግሊዛዊ አርተር ዎርዚንግተንም የሚወድቁ ጠብታዎችን በብልጭታ እያየ ለብዙ ዓመታት አጥንቶ በ1908 መጽሐፍ አወጣ። ስለዚህ ኤጀርተን የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። ድርሻው ሌላ ነው፤ ብልጭታውን ብርቱ፣ እጅግ አጭር፣ በተፈለገው ቅጽበት የሚታዘዝና ደጋግሞ የሚሠራ አደረገው። ያኔ ፎቶ አንሺዎች ይጠቀሙ የነበሩት የማግኒዥየም ዱቄት ጭስ ያለው አደገኛ ነገር ነበር፤ በኋላ የመጣው የፍላሽ አምፖልም አንዴ ከበራ ይጣላል።

የቆመው ሞተር

ኤጀርተን በኤምአይቲ ሲያጠና የነበረው ትላልቅ የኤሌክትሪክ ሞተሮችን ነው። ጭነት በድንገት ሲለወጥባቸው የሚሽከረከረው ክፍል ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈለገ። ችግሩ ግልጽ ነው፤ እየተሽከረከረ ያለን ነገር ዓይን አይቶ ሊመረምረው አይችልም። ወፍጮ ቤት ገብቶ የሚሮጠውን ቺንጋ የተመለከተ ሰው ይህን ያውቃል፤ የሚታየው ጭጋግ ብቻ ነው።

በላቦራቶሪው ውስጥ ግን የሜርኩሪ ትነት ያለባቸው መሣሪያዎች ነበሩ፤ ሲሠሩ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ብልጭታቸው ከሞተሩ ዙር ጋር ሲገጥም የሚሽከረከረው ክፍል የቆመ መሰለ። ብዙ ሰው አይቶት የሚያልፈውን ነገር ኤጀርተን አላለፈውም። ሞተሩ ሳይቆም እንዲቆም ያደረገው ብርሃኑ መሆኑ ገባው። ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ ብልጭ የሚል መሣሪያ ሠራ፤ ስትሮቦስኮፕ ይባላል። በ1931 በዚሁ ሥራ ዶክተር ሆነ።

አሠራሩን በቀላሉ እንግለጸው። እንስራ ከቀጭን ቧንቧ ሲቀዳለት ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ሲገለበጥ ግን ባንዴ ይዘረገፋል። በፍላሽ ውስጥ ያለው ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ እንስራው ነው። ኤሌክትሪኩን በሰከንዶች ውስጥ ያጠራቅማል። ከዚያ ጋዝ ባለበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ በአንድ ትእዛዝ ሲለቀው፣ ያ ሁሉ ኃይል በሰከንድ ሺህኛ ወይም ከዚያ እጅግ ባነሰ ጊዜ ወደ ብርሃን ይለወጣል። ዛሬ በየፎቶ ቤቱና በየሠርጉ የምናየው ፍላሽ ዜኖን የሚባል ጋዝ ያለበት ቱቦ ነው፤ የዘር ሐረጉ ወደ ኤጀርተን ጠረጴዛ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ብዙዎቻችን ፈጣን ነገርን ፎቶ ለማንሳት ፈጣን ካሜራ ያስፈልጋል ብለን እናስባለን። ኤጀርተን ያሳየው ግን ሌላ ነው። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ ካሜራው ለሰከንዶች ተከፍቶ ቢቆይም ምንም አይመዘግብም። የሚመዘግበው ብርሃን በበራባት ቅጽበት ያለውን ብቻ ነው። መክፈትና መዝጋቱን የሚሠራው ካሜራው ሳይሆን ብርሃኑ ራሱ ነው። ኤጀርተን ካሜራን አላፈጠነም፤ ብርሃንን አሳጠረ።

ከቧንቧ ውሃ እስከ ወተት ዘውድ

ለጥቂት ጊዜ መሣሪያው ለሞተር ብቻ ነበር። ከዚያ ፊቱን ወደ ዕለታዊው ዓለም አዞረ። መጀመሪያ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ ነው። ለዓይን ለስላሳ ገመድ የሚመስለው ውሃ በፎቶው ላይ እንደ ብርጭቆ ፍልቃቂ ሆኖ ታየ። ከዚያ በኋላ ያላነሳው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የተመታ ኳስ፣ የሚፈነዳ ፊኛ፣ በአየር ላይ ክንፉን የሚያርገበግበው ሃሚንግበርድ የተባለው የአሜሪካ ትንሽ ወፍ።

ከሁሉም በላይ ልቡን የያዘችው ግን የወተት ጠብታ ናት። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ደጋግሞ አነሳት። ጠብታዋ ስስ የወተት ሽፋን ላይ ስትወድቅ ዙሪያዋን ግድግዳ ይነሳል፤ ግድግዳው ጫፉ ላይ ይሰነጣጠቅና እያንዳንዱ ጫፍ ትንሽ ሉል ይሸከማል። ልክ ዘውድ ይመስላል። ከጥቁርና ነጭ ፎቶዎቹ አንዱ በ1937 በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የፎቶግራፍ ትርኢት ላይ ቀረበ። እሱ ግን አልረካም፤ ጫፎቹ የተስተካከሉበት ዘውድ ፈለገ። በቀይ መደብ ላይ ያረፈውና ዓለም የሚያውቀው ባለ ቀለም ፎቶ የተነሳው በ1957 ነው። ያኔም ቢሆን ፍጹም ሆኖለት አልቆመም። አንድ ሴሚስተር ሙሉ የደከምንበት ፕሮጀክት ሳይሳካ ሲቀር ተስፋ ለምንቆርጥ ለእኛ ይህ ብቻውን ትምህርት ነው።

ሌላው ታዋቂ ሥራው በ1964 ያነሳው በፖም ውስጥ የሚያልፍ ጥይት ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው። አንድ ጥይት በሰከንድ 800 ሜትር ቢሄድ፣ በሰከንድ ሺህኛ 80 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ረጅም ጭረት ይሆናል። በሰከንድ ሚሊዮንኛ ግን የሚጓዘው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ የቆመ ይመስላል። ፍላሹን የሚያስነሳው ደግሞ የሰው እጅ አይደለም፤ የጥይቱን ድምፅ የሚሰማ ማይክሮፎን ነው። በፎቶው ላይ ፖሙ ጥይቱ በገባበትም በወጣበትም በኩል ሲፈነዳ ይታያል። ባለፉት ዓመታት የጥይት ድምፅ በሰማ አካባቢ ላደግን ለእኛ ይህን ፎቶ ማየት ቀላል አይደለም። ግን አንድ ነገር ይናገራል፤ ጥይት የሚያቆስለው የነካውን ነጥብ ብቻ አይደለም።

ዕውቀትን የማይደብቅ መምህር

ኤጀርተን ብቻውን አልሠራም። ኬኔዝ ገርመስሃውዘንና ኸርበርት ግሪየር የተባሉት ሁለቱ ተማሪዎቹ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሥራ ባልደረቦቹ ሆኑ። የላይፍ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው፣ በትውልዱ አልባኒያዊ የሆነው ጂዮን ሚሊም መሣሪያውን ይዞ የሰውን እንቅስቃሴ ፎቶ በማንሳት ታወቀ። በ1939 ኤጀርተን ከጄምስ ኪሊያን ጋር ሥራውን ለተራው አንባቢ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። በእሱ የፎቶ ዘዴ በ1940 የተሠራ አጭር ፊልም የኦስካር ሽልማት አገኘ።

በኤምአይቲ የሚታወቀው ግን ከሁሉ በላይ በመምህርነቱ ነው። የላቦራቶሪው በር ለጀማሪ ተማሪም ለእንግዳም ክፍት ነበር። የሚያውቀውን ለጠየቀው ሁሉ ይነግር ነበር፤ የወተቷን ዘውድ በፖስት ካርድ አሳትሞ ለሚጎበኙት ያድል ነበር። ላቦራቶሪዎቹ የነበሩበት ኮሪደር ዛሬም በስትሮብ ስም ይጠራል፤ ተማሪዎች እያለፉ የሚሞክሯቸው መሣሪያዎችም አሉበት። ዒልምን የሚያካፍል ሰው ዒልሙ አይጎድልበትም ስንል የምናስበው ይህን የመሰለ ሕይወት ነው።

ያው ብርሃን፣ ሌላ ሥራ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚያስደስት ነው። የሰውን ሕይወት የሚተርክ ግን የሚከብደውንም መናገር አለበት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ከአውሮፕላን ላይ ሌሊት መሬትን ፎቶ ማንሳት ፈለገ። ኤጀርተን አውሮፕላን ላይ የሚጫን ግዙፍ ፍላሽ ሠራ። በ1944 ከኖርማንዲው ዘመቻ በፊት በነበረው ሌሊትም የጠላት ወታደሮችን እንቅስቃሴ ለመሰለል ተጠቅመውበታል። ለዚህ አገልግሎቱ በ1946 የነፃነት ሜዳሊያ ተሸለመ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ከሁለቱ ባልደረቦቹ ጋር ኢጂ ኤንድ ጂ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው የአሜሪካን የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በመመዝገብና በማቀጣጠል ሥራ ተሰማራ። ኤጀርተን ለዚህ ራፓትሮኒክ የተባለ ካሜራ ሠራ። እዚያ ፍላሽ አያስፈልግም፤ ብርሃኑ ቦምቡ ራሱ ነው። ማንም የብረት መዝጊያ ሊደርስበት ስለማይችል በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ደረጃ የሚሠራ መዝጊያ ሠራለት። በፎቶዎቹ ላይ ፍንዳታው ገና ሲጀምር፣ እንደ እንግዳ እንቁላል አብጦ ይታያል። ፎቶዎቹን ለጥቂት ጊዜ ስናያቸው ዝም አልን። የወተቷን ዘውድ ያየ ዓይንና ይህን ያየ ዓይን አንድ ነው።

የሞተን ሰው ልብ እኛ አንፈርድም። ጥያቄው የቀረው ለእኛ ነው። የምንማረው ነገር ሁሉ አማና ነው። ካፓሲተር ለማን እንደሚያበራ አያውቅም፤ የሚያውቀው የያዘው ሰው ነው። ነገ ከጊቢ ስንወጣ የተማርነውን የሚገዛን አይጠፋም፤ ለምን ሥራ እንደሚገዛው መጠየቅ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ወደ ባሕር

የኤጀርተን ሕይወት እዚያ አላበቃም። ከ1953 ጀምሮ ከፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ ጋር ካሊፕሶ በተባለችው መርከብ ላይ ሠራ። የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎችና ፍላሾች ሠራ፤ መርከበኞቹም አባባ ፍላሽ የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ስም አወጡለት። ውሃው ሲደፈርስ ብርሃን እንደማይሠራ ሲያይ ወደ ድምፅ ዞረ። የባሕርን ወለል በድምፅ ሞገድ ጎን ለጎን የሚያነብ ሶናር እንዲዳብር ትልቅ ድርሻ አበረከተ። በ1862 የሰጠመችው ሞኒተር የተባለች የጦር መርከብ በ1973 በዚህ ዓይነት መሣሪያ ስትገኝ እሱ ከፈላጊዎቹ አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተሰጠው።

በጡረታ ከተሰናበተ በኋላም ወደ ላቦራቶሪው መምጣት አልተወም። ጃንዋሪ 4 ቀን 1990፣ በ86 ዓመቱ፣ እዚያው ኤምአይቲ ግቢ ውስጥ አረፈ።

እኛ በከሚሴ እንዴት ጀመርን

አሁን ወደዚያ ምሽት እንመለስ። ሠርግ ከሚያነሳ አንድ ወዳጃችን ያገለገለ ካሜራና ፍላሽ ተዋስን። ጨለማ ክፍል መፈለግ አላስፈለገንም፤ መብራት ሲጠፋ ከተማው ሁሉ ጨለማ ክፍል ነው። ፍላሹ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። መጀመር ለሚፈልግ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ወተት ወይም ውሃ አድርጋችሁ ከሳህኑ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ በመርፌ አንዴ ብሱት። ዘውዱ እንዲወጣ ሳህኑ ላይ ስስ የወተት ሽፋን ይበቃል። ወተቱ ጥልቅ ከሆነ ጉድጓድ ይሆንና ጥቂት ቆይቶ ከመሃሉ ዓምድ ይነሳል፤ እሱም ያምራል።

ሁለተኛ፣ ካሜራውን በማቆሚያ ወይም በድንጋይ አስደግፉት። ጠብታዋ የምታርፍበት ቦታ ላይ እርሳስ አቁማችሁ ፎከሱን በእጅ አስተካክሉ፤ ከዚያ እርሳሱን አንሱ። ሻተሩን 2 ሰከንድ ላይ፣ አፐርቸሩን 8 ወይም 11 ላይ፣ አይኤስኦውን 400 አካባቢ አድርጉ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ፍላሹን ከካሜራው አውልቃችሁ ከጎን አስቀምጡ፤ ኃይሉንም በእጅ ወደ 1/64 ወይም 1/128 ቀንሱ። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ምሽት ብርሃን በበዛ ቁጥር ይሻላል ብለን ሙሉ ኃይል ተጠቀምን፤ ፎቶዎቹ ሁሉ የተጎተቱ ሆኑ። ምክንያቱ የገባን ስለ ኤጀርተን ካነበብን በኋላ ነው። በእነዚህ ፍላሾች ኃይሉ ሲቀነስ ብርሃኑ ቶሎ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ያጥራል። ከ40 ሴንቲ ሜትር የወደቀች ጠብታ በሰከንድ 2.8 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። በሰከንድ 1/200 ውስጥ 14 ሚሊ ሜትር ትጓዛለች፤ በ1/20000 ውስጥ ግን ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች። ብርሃኑ ስለሚያንስ ፍላሹን ወደ ሳህኑ አስጠጉት።

አራተኛ፣ አንዱ ሻተሩን ይክፈት፤ ሌላው ጠብታዋ ከከረጢቱ ስትለቅ አይቶ በፍላሹ ላይ ያለውን የሙከራ ቁልፍ ይጫን። ጠብታዋ ለመድረስ ከሩብ ሰከንድ ትንሽ በላይ ይፈጅባታል፤ እጅ በዚያች ጊዜ ሊደርስ ይችላል፣ ግን በዕድል ነው። ብዙ ፎቶ ታጠፋላችሁ። ኤሌክትሮኒክስ የምታጠኑ ደግሞ ጠብታዋ ስታልፍ የሚቋረጥ የብርሃን ጨረርና በአርዱዊኖ የሚታዘዝ ማስነሻ መሥራት ትችላላችሁ። ለሚፈነዳ ፊኛ ማይክሮፎን ይሻላል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ 34 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ የሰከንድ ሺህኛ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ማይክሮፎኑን በማራቅና በማቅረብ ብቻ ቅጽበቱን መምረጥ ትችላላችሁ።

ማስጠንቀቂያም አለን። ፍላሽ በጭራሽ አትፍቱ፤ ካፓሲተሩ ጠፍቶም እስከ 300 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ፍላሽ በሕፃን ዓይን አጠገብ አታብሩ። ደጋግሞ ብልጭ የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ፊት አትጠቀሙ።

የእማማ ጥያቄ

በሁለተኛው ምሽት ዘውዷ ወጣች። ጫፎቿ አልተስተካከሉም፣ አንድ ወገኗም ተሰብሯል፤ ግን ዘውድ ናት። ለእማማ አሳየናቸው። ማሻአላህ ብለው ገረማቸው። ከዚያ ግን ለምን እንደሚጠቅም ጠየቁን። ሦስታችንም መልስ አጣን። የአንድ ሳህን ወተት መባከኑም አሳፈረን።

መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው። የእማማ ማሳ ተዳፋት ላይ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ቦርከና ቡናማ ሆኖ የሚወርደው እንዲህ ካሉ ማሳዎች አፈር ይዞ ነው። በ1940ዎቹ ኤሊሰን የተባለ አሜሪካዊ የአፈር ተመራማሪ፣ መሸርሸር የሚጀምረው ጎርፍ ሳይመጣ፣ የዝናብ ጠብታ ባዶ አፈርን ስትመታ መሆኑን አሳይቷል። ትልቅ የዝናብ ጠብታ መሬት ስትደርስ በሰከንድ 9 ሜትር ያህል ትሄዳለች።

በሦስተኛው ምሽት ወተቱን ትተን ከማሳው የመጣ አፈር በሳህን አደረግን፤ ከረጢቱንም ውሃ ሞልተን ከ2 ሜትር ከፍታ ሰቀልነው። በፎቶው ላይ ያችው ዘውድ ወጣች፤ አሁን ግን ጫፎቿ አፈር ተሸክመዋል። ከዚያ አፈሩን በማሽላ ገለባ ሸፍነን ደገምነው። ጠብታዋ ገለባው ላይ ተበተነች፤ አፈሩ ባለበት ቀረ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርገን አሳየናቸው። እማማ ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ፣ አገዳውንና ገለባውን ሁሉ ከማሳው አንስተው ለከብትና ለማገዶ ማድረጋቸውን አስታውሰው፣ በመጪው ዓመት ጥቂቱን መሬቱ ላይ ለመተው እንደሚያስቡ ነገሩን። ከብቶቹም መብላት አለባቸውና ምን ያህሉን እንደሚተዉ እሳቸው ይወስናሉ። እኛ ያደረግነው ማሳየት ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ኤጀርተን ከትንሽ የገበሬ ከተማ ወጥቶ ዓይን የማይደርስበትን አሳየ። ያው ብርሃን ወተትም ቦምብም አሳይቷል። እኛም ብርሃኑን ወዴት እንደምናዞር የምንመርጠው ገና በተማሪነታችን ነው። ካሜራና ፍላሽ ያላችሁ፣ ወይም መሞከር የምትፈልጉ፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አግኙን፤ ያየነውን ሁሉ እንነግራችኋለን፣ የምንደብቀው የለም። አላህ የምንማረውን የሚጠቅም ዒልም ያድርግልን። በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ እንገናኝ፤ ወሰላሙ ዐለይኩም።